ኢቃማ ሲያበቃ አሠሪ መቀየር፦ በሳዑዲ አረቢያ ለሚሠሩ ዜጎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከጎንደር ከተማ፣ እንዲሁም ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከጃናሞራ ወገኖቻቸውን ወደ ሳዑዲ አረቢያ የላኩ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «የልጄ ኢቃማ አብቅቷል፤ አሠሪዋም አላሳደሰላትም፤ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ትችላለችን?» መልሱ፣ ሕጉ በለያቸው ሁኔታዎች ትችላለች የሚል ነው። ሆኖም ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ ሌላ ቤት መግባት በሕግ ፊት ዝውውር አይባልም።

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ሲሆን ሠራተኛውን ካስመጣው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። የማሳደስ ግዴታውም ሆነ ወጪው የአሠሪው ነው። የሳዑዲ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 40 የመኖሪያና የሥራ ፈቃድን፣ የእድሳትንና በመዘግየት የሚመጣን ቅጣት በአሠሪው ላይ ይጥላል። የሀገራችን የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ም የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ስለዚህ «ለኢቃማ» ተብሎ ከደመወዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ተገቢነት የለውም። ችግሩ ያለው ሌላ ዘንድ ነው፤ በመንገድ ላይ ፍተሻ ቢያጋጥም ሰነድ የሚጠየቀው ጥፋቱን የፈጸመው አሠሪ ሳይሆን ሠራተኛው ነው።

የቀን አቆጣጠር ጉዳይም ቀላል የሚመስል ግን ብዙ ሰው የሚያሳስት ነው። ቤተሰብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሰላል፤ ውሉ በፈረንጆች ይጻፋል፤ ኢቃማው ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሒጅራ ቀን ይገኛል። የሒጅራ ዓመት ከእኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። በተጨማሪም የሁለት ዓመት ውል ያለው ሰው የሁለት ዓመት ኢቃማ አለው ማለት አይደለም፤ ውሉ ሳያልቅ ኢቃማው ሊያበቃ ይችላል። የኢቃማውን ፎቶግራፍ ለቤተሰብ መላክና ማብቂያውን ከወዲሁ ማስላት ያስፈልጋል።

ከመጋቢት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሳዑዲ ተግባራዊ የሆነው የሥራ ማሻሻያ በድርጅት የተቀጠሩ ሠራተኞች ውላቸው ሲያበቃ፣ እንዲሁም የሥራ ፈቃዳቸው ሳይታደስ ሲቀር፣ ያለ አሠሪ ስምምነት እንዲዛወሩ ፈቅዷል። አገልግሎቱ የሚሰጠው «ቂዋ» በተባለው የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ነው። በወቅቱ «ከፋላ ቀረ» ተብሎ የተወራው ወሬ ግን ብዙዎችን አሳስቷል። ማሻሻያው የቤት ሠራተኞችን፣ የቤት ሹፌሮችን፣ አትክልተኞችንና እረኞችን አላካተተም። ከእኛ ዘንድ የሚሄዱ እህቶች አብዛኞቹ ደግሞ በቤት ሥራ የሚሰማሩ ናቸው።

ለቤት ሠራተኞች የሚያገለግለው ሌላ መመሪያ ነው። ይኸው መመሪያ አሠሪው ኢቃማውን ካበቃ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ሳያሳድስ ቢቀር፣ የሦስት ወር ደመወዝ ቢያስቀር፣ ሠራተኛዋን ለሌላ ሰው ቢያከራይ፣ ለአደጋ ለሚያጋልጥ ሥራ ወይም ለጥቃት ቢዳርጋት፣ ወይም ሳትጠፋ «ሁሩብ» ብሎ በሐሰት ቢያስመዘግባት፣ ያለ ፈቃዱ እንድትዛወር ያስችላል። መዘግየቱ በሠራተኛዋ ጥፋት የመጣ መሆን የለበትም።

«ሁሩብ» ማለት ከሥራ የጠፋ ተብሎ መመዝገብ ነው። ከዚህ መዝገብ የገባ ሰው ለእስርና ወደ ሀገር ለመመለስ ይጋለጣል፤ የመዛወር ዕድሉም ይጠብባል። በመሆኑም ሕይወትን ወይም አካልን የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በስተቀር አስቀድሞ አቤቱታ ማቅረብ፣ ከዚያ መውጣት ነው ትክክለኛው ቅደም ተከተል። ጥቃት ካለ ግን ቤቱን ለቆ ወደ ፖሊስ፣ በሪያድ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ወደሚገኘው ቆንስላ ጄኔራል መሄድ ይገባል። የሳዑዲ የሰው ኃይል ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 19911 ነው። አዲሱ አሠሪ የዝውውር ጥያቄውን ካቀረበና ክፍያውን ከፈጸመ በኋላም ዝውውሩ ጸድቆ ስሙ በኢቃማው መዝገብ እስኪታይ ድረስ ሥራ መጀመር አይገባም። ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርትም ዝውውሩን ያግዳል፤ ፓስፖርትን ይዞ ማስቀረት ለአሠሪ በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው።

በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ዜጋ ሌላም መያዣ አላት። በአዋጁ መሠረት ኤጀንሲው ለውሉ አፈጻጸም ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ደባርቅ ያለ አባት ሪያድ ያለውን አሠሪ ፍለጋ መባከን የለበትም፤ አቤቱታውን እዚሁ ሀገር ውስጥ በኤጀንሲው ላይ ማቅረብ ይችላል። ማመልከቻውን በአካባቢው ለሚገኘው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤታችን ማስገባት ይቻላል።

በመተማ በኩል ወይም በሌላ መንገድ ያለ ውል የሄዱ ወገኖች ይህ መያዣ የላቸውም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸው ይታወሳል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው «ኢቃማ አወጣልሃለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ኤምባሲውን ይጠይቅ።

ሕጉ ከሀገር ሀገር ይለያያል። ኳታር ከ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የቤት ሠራተኞችንም ጨምሮ ያለ አሠሪ ፈቃድ መዛወርን ፈቅዳለች፤ በሊባኖስ ግን የቀድሞው አሠሪ መልቀቂያ ይጠየቃል። ስለዚህ ከሪያድ የሰሙትን ለቤይሩት አያውሉት።

አቤቱታ ለማቅረብ የሚመጡ ቤተሰቦች የፓስፖርቱንና የኢቃማውን ቅጂ፣ የጸደቀውን የሥራ ውል፣ የኤጀንሲውን ስም፣ የአሠሪውን ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ደመወዝ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈለበትን ወር ይዘው ይቅረቡ። ውሉ ከእጅ ከጠፋ ከኤጀንሲው ቅጂ መጠየቅ ይቻላል።