«ሴቶችን እናበቃለን» የሚል ማስታወቂያና የሰሚው ጥያቄ

«ሴቶችን እናበቃለን» የሚል ማስታወቂያ አዲስ አበባ ውስጥ የሚበዛው የካቲት 29 ሲቃረብ ነው፤ ብዙው ሰው ማርች 8 የሚለው የሴቶች ቀን። ባንኩና የመድን ድርጅቱ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ያወጣሉ፤ የውበት ሳሎኑ ቅናሽ ይለጥፋል። ፒያሳ ላይ ይህ መልእክት ከሌላ መልእክት ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። በአራዳ የመዋቢያ ሱቆች መስታወት ላይ የተለጠፉት ሴቶች ፀጉራቸው የተለሳለሰ፣ ቆዳቸው በመንገዱ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ የቀላ ነው። ከምስሉ ሥር የፀጉር ማለስለሻውና የቆዳ ማቅያ ክሬሙ ተደርድሯል። አንዱ ማስታወቂያ በራስሽ ኩሪ ሲላት ሌላው መልክሽን ለውጪ ይላታል፤ ሁለቱንም የምታነበው ያቺው መንገደኛ ናት።

ስልቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዋርድ በርኔስ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ለአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ ሲሠራ፣ በኒውዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች በአደባባይ እያጨሱ እንዲሄዱ አደረገ። ሲጋራው «የነጻነት ችቦ» ተባለ። የአሜሪካ ሴቶች በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የመምረጥ መብት ካገኙ ገና 9 ዓመት ነበር፤ ኩባንያው ያን ትኩስ የነጻነት ስሜት ለገበያው ተጠቀመበት። ከ75 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዶቭ ሳሙና «እውነተኛ ውበት» የሚል ዘመቻ ከፍቶ ሞዴል ያልሆኑ ሴቶችን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አወጣ። ብዙ ሴቶች ወደዱት። ነቃፊዎቹ ግን የዶቭ ባለቤት ዩኒሊቨር በእስያ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለውን የቆዳ ማቅያ ክሬም እንደሚሸጥ አስታወሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 «ፌር» የሚለው ቃል ወጥቶ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ሆነ፤ ክሬሙ ግን ከገበያ አልወጣም።

በኢትዮጵያ ብዙ ያነጋገረው «የኛ» ነው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው «የኛ» የሬዲዮ ድራማን፣ ውይይትንና ሙዚቃን ያጣመረ ነበር፤ ታሪኩ ኑሯቸው የማይመሳሰል 5 ልጃገረዶች በሙዚቃ ሲወዳጁ ያሳያል። በአዲስ አበባ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1፣ በአማራ ክልል ደግሞ በክልሉ ሬዲዮ ተላለፈ። ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ጥቃትና ከትምህርት ገበታ መቅረት በየቤቱ በሹክሹክታ ይወሩ የነበሩ ጉዳዮች ናቸው፤ ድራማው ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚሰማው ሬዲዮ ላይ አወጣቸው። የድራማው የሙዚቃ ቡድን ከአስቴር አወቀ ጋር የሠራው «ጣይቱ» የተሰኘው ዘፈን ደግሞ ፒያሳ መሃል ሆቴል በስማቸው ለቆመላቸው እቴጌ መታሰቢያ ነው። አዲስ አበባን የቆረቆሩት እቴጌ ጣይቱ ለአራዳ ልጅ የቅርብ ሰው ናቸውና፣ መልእክቱ ከውጭ የመጣ ስብከት መስሎ እንዳይሰማ ረድቶታል።

ወጪው የሚሸፈነው ግን ከውጭ ነበር። «የኛ»ን ያቋቋመው ገርል ኢፌክት የናይኪ ፋውንዴሽን ያስጀመረው ድርጅት ሲሆን፣ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤትም ገንዘብ ሰጥቶታል። ዴይሊ ሜይል የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ቡድኑን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ፣ የተፈቀደለትን 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ የግብር ከፋይ ገንዘብ ብክነት አድርጎ ዘመቻ ከፈተበት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 በወቅቱ በፕሪቲ ፓቴል ይመራ የነበረው ይኸው መሥሪያ ቤት ድጋፉን አቋረጠ። ይህ ክርክር ሎንዶን ውስጥ ተጀምሮ እዚያው አለቀ። ድራማውን በአማርኛ እየሰማች ያደገችው ልጅ ምን እንዳገኘችበት የጠየቃት አልነበረም፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

የተሻለው ሂስ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። አሜሪካዊቷ ምሁር ካትሪን ሞለር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ ናይኪንና መሰል ኩባንያዎችን በሁለት በኩል ተቹ። አንደኛው ድህነትን የማስወገድ ሸክም በልጃገረዷ ትከሻ ላይ መጫናቸው ነው። ሁለተኛው ናይኪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስያ ፋብሪካዎች በነበረው ዝቅተኛ ደመወዝና አስከፊ የሥራ ሁኔታ አጥብቆ የተወቀሰ ኩባንያ መሆኑ ነው፤ እዚያ የሚሰፉትም በብዛት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ጥያቄው ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። ስለ ሴት ጥንካሬ የሚናገር ቲሸርት በዚህ ደመወዝ ከተሰፋ፣ ጽሑፉን በመጀመሪያ የምታነበው ሰፊዋ ናት።

ሥራ የቀደመው ማስታወቂያ የሚገጥመው ስሜት ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። አየር መንገዱ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከአብራሪ እስከ ምድር አገልግሎት በሴቶች ብቻ የተከናወነ በረራ ወደ ባንኮክ ሲያደርግ፣ አውሮፕላኑን የመሩት እሳቸው ነበሩ። በረራው ለድርጅቱ ማስታወቂያ እንደነበር ማንም አይክድም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የኮሩበት ግን ካፒቴኗ መሪውን የያዙት በዓመታት ልምድ ስለሆነ ነው። እናት ባንክም እንዲሁ በ11 ሴቶች ተመሥርቶ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቦርዱ ሰብሳቢ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። የሴቶች ባንክ ነኝ ሲል መሥራቾቹን በስም መጥራት ይችላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፈተና መያዣ የሌላት ነጋዴ ብድር ማግኘት አለማግኘቷ ነው፤ ደንበኛዋም የምትፈርደው በዚያ ነው።

ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ማስታወቂያ የሚበቃ አይመስልም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የጾታ እኩልነትን የሚጥስና የሴቶችን ክብር የሚነካ ማስታወቂያ ይከለክላል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም እንዲሁ። ሴትን የሚያዋርድ ምስል በዚህ ሊያዝ ይችላል። ሴቶችን አበቃለሁ የሚል ድርጅት ግን ያላደረገውን ቢናገር ውሸቱን ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ ዋጋ ወይም ክብደት አልጠቀሰምና። ሊጠየቅ የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ለሠራተኞቹ ይሰጣል ወይ፣ ከሥራ አስኪያጆቹ ስንቱ ሴቶች ናቸው፣ ለተመሳሳይ ሥራ ለሴትና ለወንድ እኩል ይከፍላል ወይ። ለእነዚህ መልሱ ያለው በድርጅቱ የደመወዝ መዝገብ ውስጥ ነው።