ለቤት ኮምፒውተር መጠባበቂያ ግልባጭ

የሕፃኑ የክርስትና ዕለት ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ ዲስኩ በተበላሸ ቀን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ግልባጭ ያስፈልጋል። የግልባጭ ፕሮግራም የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ፕሮግራሙ ቢጠፋ ግልባጩ ይከፈታልን?» ብሎ ነው፤ አንዳንዱ ሁሉን ጠቅልሎ እርሱ ብቻ በሚፈታው ፋይል ይዘጋዋልና። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከዊንዶውስ 8 ጋራ የወጣው ፋይል ሂስትሪ ግን፣ ቀኑን በስሙ ላይ ጨምሮ እያንዳንዱን ፋይል እንዳለ ይገለብጣል፤ የተለየ ክፍያም የለውም። ሆኖም ካልታዘዘ በቀር የሚይዘው እንደ ዴስክቶፕ ያሉትን የታወቁ ማኅደሮች ብቻ ነው።

የውጭው ዲስክ እንደ ተሰካ አይቈይ፤ ፋይል የሚቈልፍ ቫይረስ እርሱንም ያገኘዋል። በሳምንት አንድ ማታ ሰክቶ፣ አስገልብጦ መንቀል ለቤተ ሰብ የሚበቃ ይመስለናል። ዛሬውኑም አንዱን ፎቶግራፍ ከግልባጩ አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት።