የካቶሊክ ቁምስና አምልኮና ማኅበራዊ ሕይወት፦ በስደት ያለ ኦርቶዶክሳዊ ምእመን ሊያውቀው የሚገባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን!

በዐረብ ሀገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምታገለግል እኅት የዕረፍት ቀኗን ስታገኝ አስቀድማ የምታስበው ቤተ ክርስቲያን መሳለምን ነው። የራሷ አጥቢያ ሩቅ ነው፤ ወይም መኖሩን የነገራት የለም። ስለዚህ በእመቤታችን ስም ወደሚጠራ፣ በአቅራቢያዋ ወዳለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ወደ ውስጥ ስትዘልቅ መስቀሉን ታያለች፤ የድንግል ማርያም ምስል ቆሟል፤ ሻማ ይበራል፤ ሕዝቡ ተንበርክኮ ይጸልያል። ቋንቋውን ባትሰማም ልቧ ይጽናናል። የመቀበያው ሰዓት ደርሶ ሕዝቡ ሲሰለፍ እርሷም ትሰለፋለች፤ የሚከለክላት የለም።

እንዲህ ያለው ነገር በዐረብ ሀገራትም በአውሮፓም የሚያጋጥም ነው። በአውሮፓ ከሚገኙ አጥቢያዎቻችን አንዳንዶቹ የራሳቸው ሕንፃ እስኪኖራቸው ድረስ የሚቀድሱት ከካቶሊክ ቁምስናዎች በተዋሱት ሕንፃ ነው፤ ልጆቻችንም በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። በመሆኑም በዚያ ቤት ምን እንደሚፈጸም፣ ከእኛ ጋር በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ፣ እኛስ እስከ ምን ድረስ እንደምንገኝ ማወቅ ይገባናል። ዓላማችን ሌላውን ማቃለል አይደለም፤ ሳያውቁ ከመደናገር መጠበቅ ነው።

ቁምስና ምንድን ነው?

እኛ አጥቢያ የምንለውን የሀገራችን ካቶሊካውያን ቁምስና ይሉታል። በእኛ ዘንድ ቆሞስ የክህነት መዓርግ ስም ሲሆን በእነርሱ ዘንድ ቁምስናውን የሚያስተዳድር ካህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የቀኖና ሕጋቸው መሠረት ቁምስና በአብዛኛው በክልል የተወሰነ ነው፤ በዚያ ክልል የሚኖር ካቶሊካዊ ሁሉ የቆሞሱ አደራ ነው።

በአገራችን በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር ደሴ አህጉረ ስብከት ያሉት ካቶሊካውያን የግእዝን ሥርዓት ስለሚጠቀሙ ቅዳሴያቸው በውጭ ሲታይ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። በስደት ሀገር በብዛት የምናገኘው ግን የላቲኑን ሥርዓት የሚከተለውን ነው። የዜማና የልብስ መመሳሰል የእምነት አንድነት እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሥርዓት መለያየት ብቻውንም የልዩነቱ ሥር አይደለም።

ለምሳሌ በዱባይ የሚገኘውን የቅድስት ማርያም ቁምስና እንመልከት። ቤተ ክርስቲያኑ የከተማዋ ገዥ በሰጡት መሬት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ተከፈተ። ምእመናኑ ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከዐረብ ሀገራት፣ ከአፍሪካና ከአውሮፓ ለሥራ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በአንድ ቅጥር በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይቀደሳል፤ ከጠዋት እስከ ማታም አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሀገሪቱ የሥራ ዕረፍቷን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ቅዳሜና እሑድ ከማዛወሯ በፊት ብዙው ሕዝብ የሚሰበሰበው ዓርብ ነበር፤ ሠራተኛው መምጣት የሚችለው በዚያ ቀን ነበርና።

ቅዳሴያቸው ምን ይመስላል?

የላቲን ሥርዓት ቅዳሴ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይከፈላል፤ የመጀመሪያው የቃለ እግዚአብሔር፣ ሁለተኛው የቁርባን ክፍል ነው። ካህኑ በትእምርተ መስቀል ከጀመረ በኋላ ሕዝቡ በደሉን ያምናል፤ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነው ኪርያላይሶን ይሰማል። እሑድ እሑድ ከብሉይ ኪዳን፣ ከመዝሙረ ዳዊት፣ ከመልእክታትና ከወንጌል ይነበባል፤ የእሑድ ምንባባቱ በየሦስት ዓመቱ እንዲዞሩ ተደርገው ተሠርተዋል። ከዚያም ስብከት፣ ጸሎተ ሃይማኖትና የምእመናን ምልጃ ይከተላሉ። ኅብስቱና ወይኑ ቀርቦ የቁርባኑ ጸሎት ከደረሰ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ይባላል፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ሕዝቡም ይቀበላል።

ከእ.ኤ.አ. 1962 እስከ 1965 ከተካሄደው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በፊት ቅዳሴው በላቲን ቋንቋ ብቻ ይፈጸም ነበር። ዛሬ በየሕዝቡ ቋንቋ ይቀደሳል፤ ካህኑም አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቀድሳል።

የእኛን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያስተውላል። እነርሱ የሚቀድሱት ባልቦካ ኅብስት ነው፤ የእኛ ኅብስት በቤተ ልሔም የሚዘጋጅ፣ የቦካ ነው። በእነርሱ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሕዝቡ የሚቀበለው በኅብስቱ መልክ ብቻ ሲሆን በእጁም ሊቀበል ይችላል፤ የተፈቀደላቸው ምእመናንም ሊያድሉ ይችላሉ። በእኛ ዘንድ ሥጋውን ካህኑ፣ ደሙን ዲያቆኑ በዕርፈ መስቀል ያቀብላል። ከመቀበል በፊት የሚጾሙት አንድ ሰዓት ነው፤ እኛ ዐሥራ ስምንት ሰዓት እንጾማለን። እነርሱ የተረፈውን ለሕሙማንና ለስግደት በማኅደር ያኖራሉ፤ እኛ ለነገ አናሳድርም። በአንድ መንበር ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ሊቀድሱ ይችላሉ፤ በእኛ ሥርዓት በአንድ ታቦት በቀን የሚቀደሰው አንድ ጊዜ ነው።

ልጆች ያሏቸው ወላጆች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አለ። በላቲን ሥርዓት ሕፃን ይጠመቃል እንጂ በዚያው ዕለት አይቆርብም፤ ሜሮንም ብዙውን ጊዜ ካደገ በኋላ ይቀባል። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ተምሮ “የመጀመሪያ ቁርባን” ይቀበላል። የእኛ ልጆች ግን በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ሲጠመቁ ሜሮን ተቀብተው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለዋል። ስለዚህ በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ጓደኞቹ ነጭ ለብሰው ሲሰለፉ አይቶ “እኔስ?” ቢል፣ መልሱ “አንተ ከሕፃንነትህ ጀምሮ ቆራቢ ነህ” የሚል ነው። ይህን በጊዜው ካልነገርነው የጎደለበት ይመስለዋል።

ለምን አብረን አንቆርብም?

ብዙዎች የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። የካቶሊክ ቀኖና ቁጥር 844 ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሆነ ምእመን በራሱ ፈቃድ ከጠየቀና ከተዘጋጀ ካህናቸው ንስሐን፣ ቁርባንንና ቀንዲልን እንዲፈጽምለት ይፈቅዳል። ስለዚህ ካህኑ ኦርቶዶክሳዊት መሆኗን ቢያውቅ እንኳ ላይመልሳት ይችላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት የአንድነት መመሪያ የምሥራቃውያኑ የራሳቸው ሥርዓት እንዲከበር ያሳስባል። የእነርሱ ሕግ መፍቀዱ የእኛን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይሽርም።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቁርባን የአንድ እምነት ማኅተም እንጂ ወደ አንድነት ለመድረስ የሚሞከር መንገድ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከአንዱ ኅብስት የሚካፈሉት አንድ አካል መሆናቸውን ያስተማረው ስለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 10፥17)። እኛ እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ አንቀበልም፤ ተዋሕዶን እናምናለን። በጸሎተ ሃይማኖት መንፈስ ቅዱስ ከአብ የሠረጸ እንላለን፤ እነርሱ “ከወልድም” የሚል ጨምረዋል። የሮሙ ፓፓ በቤተ ክርስቲያን ሁሉ ላይ አላቸው የሚሉትንም ሥልጣን አንቀበልም። ይህ ሳይፈታ ከአንድ ጽዋ መጠጣት የሌለን አንድነት እንዳለ አድርጎ መመስከር ይሆናል።

አባቶቻችን ለዚህ ዋጋ ከፍለዋል። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 የተዋሕዶ ሃይማኖት ተመልሶ መንግሥቱ ለልጃቸው ለፋሲል ተላለፈ። ነገር ግን ታሪካችን የግጭት ብቻ አይደለም። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በእንግድነት ይኖሩ ነበር፤ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮንም የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1548 እስከ 1549 አሳትመዋል። በዘመናችንም የሁለቱ ወገን ሊቃውንት በጋራ ጉባኤ ተነጋግረዋል። መነጋገሩ የአባቶች ድርሻ ነው፤ ምእመኑ በግሉ ቀድሞ የሚያልፈው ድንበር አይደለም።

ከማኅበራዊ ሕይወታቸው የምንማረው

ድንበሩን ከጠበቅን በኋላ ራሳችንን መጠየቅ አለብን። ያቺ እኅት ወደዚያ የሄደችው ሃይማኖቷን ልትለውጥ ብላ አይደለም፤ የፈለጋት ስላጣች ነው።

የካቶሊክ ቁምስና የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የሞተውን በመዝገብ ይይዛል። በሕጋቸው እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ጉዳዮች ምክር ቤት ሊኖረው ግድ ነው። ምእመናን ያነብባሉ፤ ሕፃናትን ያስተምራሉ፤ ሕሙማንን ይጎበኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ በወጣቶች የተመሠረተው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር አባላት ድሆችን በየቤታቸው ሄደው ይጠይቃሉ። ስደተኛው በቋንቋው ይሰበሰባል፤ አዲስ የመጣውን ቀድሞ የመጣው ይቀበለዋል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ሰበካ ጉባኤ አለን፤ ሰንበት ትምህርት ቤት አለን፤ ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ አለን። ከሁሉም በላይ እያንዳንዱን ቤተሰብ በስም የሚያውቅ የንስሐ አባት አለን። የጎደለን ያለንን በስደት ሀገር በሥራ ላይ ማዋል ነው። የአባላት መዝገባችን መዋጮ የሚከፍለውን ብቻ ከያዘ፣ በሰው ቤት ተዘግታ የምትውለው እኅት በመዝገቡ የለችም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በስደት ያላችሁ ምእመናን፣ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለሠርግ፣ ለቀብር ወይም ለትምህርት ቤት በዓል ብትገኙ በአክብሮት ቁሙ፤ አትሳለቁ፤ በልባችሁም ጸልዩ። መቀበያው ሲደርስ ግን በቦታችሁ ቆዩ። ከራሳቸው ምእመናንም ንስሐ ሳይገቡ የማይቀበሉ ስላሉ መቀመጥ ነውር አይደለም። ሳታውቁ ተቀብላችሁ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እርሳቸው መንገዱን ያሳዩአችኋል። ቅዳሴ በራቃችሁ ጊዜ ውዳሴ ማርያምን፣ መዝሙረ ዳዊትንና የጸሎት ሰዓታትን አትተዉ፤ አጽዋማትንም ጠብቁ።

በውጭ ያላችሁ አጥቢያዎች ደግሞ የሠራተኛውን የዕረፍት ቀን አውቃችሁ የጉባኤ ሰዓት ወስኑ፤ አዲስ መጪዎችን የሚፈልጉ አገልጋዮችን መድቡ፤ ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የንስሐ አባታቸውን መዝግቡ። መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን የፈለገው ስለ ጠፋች ነው (ሉቃ. 15፥4)። ያቺ እኅት በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ ስልኳ ቢጮኽና “እኅቴ፣ ዛሬ ቅዳሴ አለ፤ መጥተን እንወስድሻለን” የሚላት ብታገኝ፣ ወዴት እንደምትሄድ እናውቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።