የፍሪሲዮን ግሪስ፦ ትንሽ ቅባት፣ ትልቅ ወጪ

ከወረታ ተነስተው ወደ ደብረ ታቦር ሲነዱ የፎገራን ሜዳ ከኋላዎ ትተው በዓለም ሳጋ ደን በኩል ሽቅብ ይወጣሉ። ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ መንገድ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራሉ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእሷ አልፎ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን የሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ወራት የፈጀባቸው በዚህ አገር ነው።

ዛሬ ያንኑ ዳገት ቤተሰብና ዕቃ ጭነን በመኪና እንወጣዋለን። ማንዋል መኪና ካለዎት ጭነቱን ከሚሸከሙት ክፍሎች አንዱ ፍሪሲዮኑ ነው። ሲበላሽ ስለ ዲስኩ ዋጋ ብዙ እንከራከራለን፤ ስለሚቀባው ግሪስ ግን አንጠይቅም። ግሪስ ደግሞ ከጥገናው ወጪ ትንሹ ቢሆንም ቀሪውን ሥራ በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል።

ዳገቱ ምን ያደርጋል?

አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተር ይደክማል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በደብረ ታቦር ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ስንነሳ ነዳጅ አብዝተን እየረገጥን ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዘን እንቆያለን። በዚህ ጊዜ ዲስኩ እየተንሸራተተ ይፋተጋል፤ ሙቀቱም ከ200 ዲግሪ ሴልሲየስ ሊያልፍ ይችላል። በአቅራቢያው የተቀባው ግሪስ ሙቀት የማይችል ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲሽከረከርም ወደ ዲስኩ ይረጫል። ዘይት የነካው ዲስክ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሸታል።

የት ይቀባል? የት አይቀባም?

ግሪስ የሚያስፈልገው ብረት ከብረት ጋር በሚንሸራተትበት ቦታ ነው። ዲስኩ የሚገባበት የካምቢዮ ዘንግ ጥርስ፣ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ወደፊትና ወደኋላ የሚሄድበት ቱቦ፣ ኩሽኔታውን የሚገፋው ሹካ የሚያርፍበት ቦታ በአብዛኛው መኪና ይቀባሉ። መጠኑ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ጥሩ መካኒክ የዘንጉን ጥርስ ቀብቶ ዲስኩን አንድ ጊዜ ያስገባና ያወጣዋል፤ ተገፍቶ የወጣውን ትርፍ በጨርቅ ጠርጎ ከዚያ ይገጥማል።

የዲስኩን ሸራ፣ የቮላኖውንና የፕሬዠር ፕሌቱን ገጽ ግን ግሪስ ፈጽሞ ሊነካቸው አይገባም። አዲስ ፕሬዠር ፕሌት ዝገት እንዳይዘው ቅባት ተቀብቶ ስለሚመጣ ከመገጠሙ በፊት በፍሬን ማጽጃ መጠረግ አለበት።

ልዩ ሁኔታዎችም አሉ። የዲስኩ እምብርት ኒኬል የተለበጠ ከሆነ፣ ወይም የኩሽኔታው ውስጥ ፕላስቲክ ከሆነ፣ አምራቹ ግሪስ አይቀባ ሊል ይችላል። ፍሪሲዮኑ በፍሬን ዘይት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ተራ ግሪስ የሲሊንደሩን ጎማዎች እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል።

ጣሳው ላይ ምን ያንብቡ?

ሻጭ «ቀዩ ጠንካራ ነው» ወይም «ሰማያዊው ለሁሉ ይሆናል» ቢልዎ አይቀበሉት። ቀለሙ አምራቹ የጨመረው ማቅለሚያ ነው፤ ስለ ጥራቱ አይናገርም። የሚናገሩት እነዚህ ናቸው፦

• መሠረቱ፦ ተራ የካልሲየም ግሪስ ውኃ ቢችልም በ100 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የሊቲየም ግሪስ እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ ይቆያል። ሊቲየም ኮምፕሌክስ ደግሞ 250 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ለዳገት አገር የመጨረሻውን ይምረጡ።

• ውፍረቱ፦ ‹ኤን ኤል ጂ አይ› ከሚሉት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ 2 ቁጥር ካለ ለብዙ መኪና የሚሆነው መካከለኛ ውፍረት ነው።

• ተጨማሪው፦ ብዙ የጃፓን መኪኖች ለዘንጉ ጥርስ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ይፈልጋሉ፤ አንዳንድ የአውሮፓ አምራቾች ግን የብረት ብናኝ ያለባቸውን፣ ለምሳሌ የመዳብ ቅባትን፣ ይከለክላሉ። የመኪናዎ መመሪያ የሚለው ይቀድማል።

ከሁሉም ቀላሉን መንገድ ደግሞ አይርሱ። አንዳንድ አምራቾች ከአዲሱ ፍሪሲዮን ጋር ትንሽ የግሪስ ከረጢት ያሽጋሉ። ካርቶኑ ከመጣሉ በፊት ውስጡን ይመልከቱ።

ጋራዥ ሲሄዱ

መካኒክዎን በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ «የትኛውን ግሪስ ነው የምትቀባው? አሮጌውን ጠርገሃል? ከመግጠምህ በፊት ልይ?» አሮጌና አዲስ ግሪስ መደባለቅ ጥሩ አይደለም፤ መሠረታቸው ካልተስማማ ይሳሳና ይፈሳል። በክረምት ጭቃና ውኃ ውስጥ የሚነዳ መኪና ከሆነ በካምቢዮው ዙሪያ ያሉት መሸፈኛ ጎማዎች አለመቀደዳቸውንም ያሳዩ።

ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ግሪሱ ከተሳሳተ ያው ካምቢዮ እንደገና ይወርዳል፤ የእጅ ዋጋው እንደገና ይከፈላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻም አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱ ፍሬኑን ከመጋል የሚያድነው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የዘንጉ ጥርስ ወይም የኩሽኔታው ቱቦ ደርቆ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልለቀቀ ያ ማርሽ አልገባም ሊል ይችላል። ፔዳሉ ከከበደ፣ ማርሽ ሲያስገቡ ከጮኸ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ያስፈትሹት። የኋላው ወንበር ላይ ልጆችዎ አሉ።