ዩኒቨርሲቲው ለጎረቤቱ ምኑ ነው? እኩል አጋርነትን በቀላሉ እንረዳ

ለመመረቂያ ጽሑፍ መጠይቅ ይዛችሁ የሰው ቤት አንኳኩታችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነ ይህችን ጥያቄ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፦ «ዓምናም መጥታችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ?»

ብዙ ተማሪ ለዚህ መልስ የለውም። ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይደለም።

ዛሬ በአገራችን ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ሁሉም ሦስት ሥራ ተሰጥቷቸዋል፦ ማስተማር፣ ምርምር እና የማህበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛውን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፎቶ ነው፦ ችግኝ ተከላ፣ የደብተር ልገሳ፣ የአረጋውያን ቤት እድሳት። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ግን ስጦታና አጋርነት አንድ አይደሉም። በስጦታ ጊዜ ምን እንደሚሰጥ፣ መቼና ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሰጪው ብቻ ነው። በአጋርነት ጊዜ ሁለቱም ይወስናሉ፣ ሁለቱም ያዋጣሉ፣ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ታዲያ በተግባር ምን ይመስላል?

◾ ከወረርሽኝ የተነሳው ኮሌጅ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የደንቢያ ገበሬ ችግር ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ብዙ ሕይወት ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ተከፈተ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኮሌጁ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ሐኪሞችን ለማፍራት አልነበረም የተነሳው። ያሰለጠነው የጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ነው። ሦስቱም በቡድን ሆነው ገጠር ወርደው እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። ምን ዓይነት ባለሙያ ያስፈልጋል የሚለውን የወሰነው የአካባቢው ችግር ነበር። የትምህርቱ ዓይነት ከጎረቤት ፍላጎት ሲነሳ እንዲህ ነው።

◾ ጅማ፦ ወደዚያው ሰፈር መመለስ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት» በሚለው አካሄዱ ይታወቃል። የዚህ ሥር ያለው በ1983 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ኢንስቲትዩት ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ነው በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ አንድ አካባቢ ይወጣሉ። መጀመሪያ መረጃ ሰብስበው ችግሮቹን ይለያሉ። ቀጥሎ ዕቅድ ያወጣሉ፣ ከዚያ ይተገብራሉ፣ በመጨረሻም ውጤቱን ይገመግማሉ። ይህ በአንድ ጉዞ የሚያልቅ ሳይሆን በትምህርት ዓመታቱ ተከፋፍሎ በደረጃ የሚሄድ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው መመለሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ የሚመለስ ግን ይጠየቃል። «ያላችሁት የውኃ ጉዳይ የት ደረሰ?» ሊባል ይችላል። ይሄ ተጠያቂነት ነው አጋርነትን ከጉብኝት የሚለየው።

በእርግጥ ዕቅዱ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሁሌም ይሳካል ማለት አይደለም። ተማሪው ለውጤት ብቻ ከሞላው፣ ለተለየው ችግር በጀት ካልተያዘ፣ ቀበሌውና ዕድሩ ዕቅዱ ላይ ቃል ካልሰጡበት፣ ያው መጠይቅ ሆኖ ይቀራል።

◾ ዕውቀቱ የማን ነው?

አሁን ወደ ከበድ ያለው ነገር እንምጣ። አንድ ተመራማሪ ስለ ባህላዊ መድኃኒት ለማጥናት ወደ አንዲት እናት ቤት ሄደ እንበል። እሳቸው የትኛው ቅጠል ለምን እንደሚሆን፣ ሥሩ መቼ እንደሚቆፈር ነገሩት። ጥናቱ ታተመ። ተመራማሪው ማዕረግ አገኘ። እናትየውስ?

ሕጉ ዝም አላለም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማህበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የማህበረሰብ ዕውቀት በጽሑፍ ባይሰፍርም፣ በቃል ብቻ ቢተላለፍም ጥበቃ አለው። ማህበረሰቡ ዕውቀቱን ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃዱ የመጠየቅ፣ ከሚገኘው ጥቅምም የመካፈል መብት አለው። ከጄኔቲክ ሀብቱ መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ ደግሞ 50 በመቶው የማህበረሰቡ ነው። ለአገር ውስጥ የመንግሥት ምርምርና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የፈቃዱ ሂደት እንዲቀል አዋጁ በር ይከፍታል። ሂደቱ ቀለለ ማለት ግን የማህበረሰቡ መብት ቀረ ማለት አይደለም።

ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ጤፍ አስተምሮናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቃል ተገብቶ ነበር፤ የመጣው ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። ኩባንያው በ2009 ከሰረ። በጤፍ ዱቄት ላይ ተይዞ የነበረውን ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት ለኔዘርላንድ ውድቅ ያደረገው ገና በ2018 ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ስምምነት ሲፈረም ማን እንደሚከታተለው አብሮ ካልተወሰነ ባዶ ነው።

ማህበረሰብ ራሱ ደንብ ማውጣትም ይችላል። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አውጥተዋል። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕ እና ጥንቃቄን ይጠይቃሉ፤ ሊያጠናቸው የሚመጣ ሁሉ አስቀድሞ ምክር ቤታቸው ዘንድ ዕቅዱን እንዲያቀርብም ይፈልጋሉ። «እኛን ልታጠኑ ከሆነ በእኛ በር ግቡ» እንደማለት ነው።

◾ የመሬቱም ነገር አለ

ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ ወይም ሲስፋፋ መሬቱን የሚለቅ ሰው ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከካሳ ባለፈ ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ ይላል። ካሳ ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ ጉርብትናው ይቀጥላል። ለግቢው ካፌ አትክልትና ወተት የሚቀርበው ከየት ነው? የጥበቃና የጽዳት ሥራ ለማን ይሰጣል? የሠፈሩ ልጆች ቤተ መጻሕፍቱን መጠቀም ይችላሉ? አጥሩ ውስጥ ያለው ውኃና መብራት አጥሩ ውጭ ላለው ምን ማለት ነው? እኩልነት እነዚህ ትናንሽ የሚመስሉ ነገሮች ላይ ነው የሚታየው።

◾ አጋርነት ነው ወይስ ፎቶ? በአምስት ጥያቄ ለዩት

👉 ችግሩን ማን ለየው? ከፕሮፖዛሉ በፊት ሠፈሩ ተጠይቋል?
👉 በጀቱን ማን ያውቀዋል? ማህበረሰቡ ስንት እንደተያዘ ይነገረዋል?
👉 ሲወሰን ማን ተቀምጧል? የዕድር ዳኞች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉበት?
👉 ውጤቱ በሚገባቸው ቋንቋ ተመልሶ ተነገራቸው?
👉 ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ምን ይቀራል? ማንስ ይጠግነዋል?

◾ እናንተስ?

ተማሪ ከሆናችሁ፦ መረጃ ከሰበሰባችሁበት ሠፈር ሳትወጡ መቼና እንዴት ውጤቱን እንደምትመልሱ ተነጋገሩ። ጽሑፋችሁ ሲያልቅ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአካባቢው ቋንቋ ጽፋችሁ ለቀበሌው፣ ለጤና ጣቢያው ወይም ለዕድሩ ስጡ። ወጪው የአንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ሰው «አልፈልግም» ካለም ማክበር ግዴታ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ጎረቤት ከሆናችሁ፦ የማህበረሰብ አገልግሎት ቢሮውን ፈልጋችሁ የዓመቱን ዕቅድ ጠይቁ። ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው፤ አቅም ለሌለው ጎረቤታችሁ ጠቁሙት። መጠይቅ ይዞ የመጣን ተማሪም በአክብሮት «ውጤቱን መቼ ታመጣልናለህ?» በሉት።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን። ጎረቤት ግን ቡና ሲጠራም የሚመጣ፣ ሲቸገርም የሚጠይቅ፣ የተበደረውንም የሚመልስ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከሠፈሩ የተበደሩት ብዙ ነው፦ መሬት፣ ጊዜ፣ ዕውቀት።

በእናንተ አካባቢ ያለው ዩኒቨርሲቲስ እንዴት ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን።