የጓሮ ወሰንና አዲሱ ጎረቤት

ካፋ ውስጥ ጓሮ ማለት ባዶ ቦታ ማለት አይደለም። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ አለ፤ ከእንሰቱ አጠገብ ጎመኑ፣ ወረድ ሲባል ቡናው፣ ከጥላው ሥር ደግሞ ኮረሪማው። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ 4 እና 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቡናም ቢሆን ከተተከለ 3 ወይም 4 ዓመት ሳይሞላው ደህና ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ከጓሮ ላይ ሁለት ክንድ ሲቆረጥ የሚሄደው መሬቱ ብቻ አይደለም፤ የስንት ዓመት ምግብ አብሮ ይሄዳል።

እንበልና በደካ አንዲት እናት አሉ። ጓሯቸው ከአንድ ጎረቤት ማሳ ጋር ይዋሰናል። ወሰኑ በመስመር የተተከለ ኮርች ነው። ከጎረቤታቸው ጋር በዚህ ነገር ተጣልተው አያውቁም። ከተማው እየሰፋ መጣና የጎረቤትየው ቦታ ለቤት ሠሪ ድርጅት ተሰጠ። ቀያሽ መጣ፤ ችካል ተከለ፤ ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ከኮርቹ ወዲህ በእንሰቱ መካከል አለፈ።

«እማማ፣ ፕላኑ የሚለው እንዲህ ነው» አላቸው ቀያሹ።

«ልጄ፣ ፕላንህ ሳይሣል ይህ ኮርች እዚህ ነበር» አሉት።

ታዲያ ማን ልክ ነው? ይህን ለማወቅ መጀመሪያ መሬቱ ለድርጅቱ እንዴት እንደደረሰ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ አንድ ድርጅት «መሬቱን ከጎረቤትዎ ገዝቻለሁ» ቢል መልስ አይሆንም። የከተማ ቦታ የሚያዘው በሊዝ ነው፤ ይህም በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ተደንግጓል። ድርጅቱ የሊዝ ውልና የቦታው ማዕዘኖች የተመለከቱበት ፕላን ሊኖረው ይገባል። ያንን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

መንግሥት ጓሮውን ራሱን ለሕዝብ ጥቅም ከፈለገው መንገዱ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣውና ኋላም በተሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት ባለይዞታው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ቤቱ፣ እንሰቱና ቡናው ተቆጥሮ ካሣ ይሰላል። ይህን የሚያደርገው የመንግሥት አካል ነው። ድርጅት በራሱ ሥልጣን፣ ያውም በሲባጎ፣ የሰው ጓሮ አይወስድም።

አሁን ወደ እናትየው ሳጥን እንመለስ። ከሳጥኑ ውስጥ የመሬት ይዞታ ደብተር አለ። ብዙ ሰው ደብተሩን እንደ ውድ ዕቃ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል እንጂ ገልጦ አያነበውም። ማንበብ የቻለ ሰው ግን አውጥቶ ራሱ ይየው። በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ አዋሳኞቹ እነማን እንደሆኑ ተጽፏል። በመጀመሪያው ዙር ምዝገባ በብዙ ቦታ መሬት የተለካው በገመድ ነው፤ ስለዚህ የስፋቱ ቁጥር ትንሽ ቢዛነፍ አይግረማችሁ። የአዋሳኙ ስም ግን ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤትየው ቦታውን ቢለቁም ስማቸው ደብተሩ ላይ አለ፤ እስከ የት ያርሱ እንደነበር የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ጎረቤት ስለተለወጠ ወሰን አይለወጥም።

አንዳንዱ ተናዶ ችካሉን በሌሊት ይነቅላል። ይህ እኮ ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል! ሕጉ የሰጠው መንገድ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለትና ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ ይችላል ይላል። በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ይህ ነው። ይዞታው ከተነካ በኋላ 2 ዓመት ካለፈ ግን በዚህ መንገድ መጠየቅ አይቻልም። 2 ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ግንብ ግን በ2 ወር ይቆማል። ስለዚህ አቤቱታው መቅረብ ያለበት ቁፋሮው ትኩስ ሳለ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ሥራው እንዲቆም ፍርድ ቤቱን እግድ መጠየቅም ይቻላል።

ሌላው ቸል የሚባለው ነገር ቁልቁለቱ ነው። የካፋ መሬት ተዳፋት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ወር ይዘንባል። ድርጅቱ ወሰኑን ሳይነካ በራሱ በኩል ብቻ ገደል አድርጎ ቢቆርጥስ? አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ይናዳል። የእንሰት ሥር ደግሞ ወደ ታች ርቆ የሚይዝ አይደለም፤ ከነግንዱ ይወድቃል። እንግዲህ የሚጠየቀው ስለ መስመሩ ብቻ አይደለም፤ ስለ ደጋፊ ግንቡና ስለ ውኃ መውረጃውም ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በይዞታዬ ላይ ነኝ ብሎ ከልክ ባለፈ አሠራር ጎረቤትን መጉዳትን ይከለክላል።

በ1999 ዓ.ም. በቻይና ቾንግቺንግ ከተማ የሆነው ዓለምን አስገርሟል። ጎረቤቶቹ ሁሉ ተነሥተው አንድ ቤተሰብ ብቻ አልለቅም አለ። ሠሪዎቹ በዙሪያው 10 ሜትር ያህል ቆፈሩ፤ ቤቱ በጉድጓድ መካከል እንደ ደሴት ቆሞ ቀረ። ቻይናዎች እንዲህ ያለውን ቤት አልነቀል ባለ ምስማር ይመስሉታል። በመጨረሻ ተስማምተው ቤቱ ፈረሰ። የጥንቱ የካፋ መንግሥትም ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድ ያስጠብቅ ነበር፤ ያ ግን ጠላት እንዳይገባ ባለቤቱ ራሱ የቆፈረው ነው።

እናትየው ከቀበሌው፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽና ከድርጅቱ ሰው ጋር ወሰኑ እንደገና ይለካ ቢሉ ደግ ነው። የቀድሞው ጎረቤትና ሁለት የአገር ሽማግሎች ይጠሩ። ልኬቱ በቀን ይሁን። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። «ይፈርሙ እማማ፣ መሽቷል» ቢሏቸው እንኳ፣ «ከኮርቹ መስመር ወዲያ» የሚለው ቃል መጻፉን በጣታቸው እየተከተሉ ሳያነቡ ብዕሩን አይያዙ።