«ንቀሉልኝና ልገላገል!»

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በጥርስ ሕክምና ሙያ ነው። ከታካሚዎቼ አዘውትሬ የምሰማው ቃል ቢኖር «ንቀሉልኝና ልገላገል» የሚለው ነው። ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ ወይም ከሮብ ገበያ ተሳፍሮ የመጣው ገበሬም፣ ከቢሮው አስፈቅዶ የወጣው የመንግሥት ሠራተኛም ይህንኑ ይላሉ። ገበሬውን ያዘገየው ርቀትና የገንዘብ እጥረት ነው፤ የቢሮ ሠራተኛው ደግሞ «ጊዜ አጥቼ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚመጡት ግን ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳቸው በኋላ ነው። ጥርስ ማመም የሚጀምረው በሽታው ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ጥርስ እንዴት ይቦረቦራል?

በተለምዶ «ትል በላው» ይባላል። ጥርስ ውስጥ ግን ትል የለም። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከምግብ የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ኢናሜል የተባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። ጣፋጭ ከቀመስን በኋላ አሲዱ እስኪረግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ምራቅ የተጎዳውን መጠገን ይጀምራል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ባልተናነሰ ጥርስን የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ስኳር ያለው ቡና እየተጎነጨ የሚቆይ፣ በመሀል ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ለምራቁ ፋታ አልሰጠውም ማለት ነው።

ኢናሜል ነርቭ ስለሌለው ሲበላ አያምም። ቁስሉ ቀጥሎ ወዳለው ዴንቲን ሲደርስ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር መጠዝጠዝ ይጀምራል። በዚህ ደረጃ የመጣ ሰው ጥርሱ ተጠርጎ ይሞላለትና ለብዙ ዓመት ይገለገልበታል። ቁስሉ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ከዘለቀ ግን የሚቀረው ወይ የሥር ሕክምና ወይ መንቀል ነው።

አንዳንዴ ሕመሙ በድንገት ይተዋል። «ዳነልኝ» ተብሎ ይረሳል። ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ ሞቶ ነው፤ ኢንፌክሽኑ ከሥሩ ሥር እየሠራ ይቆይና ፊት አብጦ ይታያል። ቅርንፉድ ለጊዜው ቢያደነዝዝም አያድንም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ድድ ያቃጥላል። በራስ ፈቃድ የተዋጠ አንቲባዮቲክም ቀዳዳውን አይደፍነውም። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ከከበደ፣ የመተንፈሻ ቧንቧን ሊዘጋ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መነቀል መገላገል ነውን?

ማስነቀል ከማስሞላት ስለሚረክስ ብዙዎች ይመርጡታል። ነገር ግን አንድ መንጋጋ ሲጎድል አጠገቡ ያሉት ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ወይም ከታች ትይዩው የነበረውም እየረዘመ ይመጣል፣ አጥንቱም ይሟሽሻል። በመካከሉ ምግብ ይሸጎጣል፤ ሌላውም መቦርቦር ይጀምራል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመተካት የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ከማስሞላቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል»

ይህ አባባል ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። በስድስት ዓመት አካባቢ ከወተት ጥርሶች ሁሉ ኋላ የሚወጣው መንጋጋ ቋሚ ነው። አንድም የወተት ጥርስ ሳይወድቅለት በጸጥታ ብቅ ስለሚል ወላጅ የሚወድቅ ይመስለዋል። ሲቦረቦር ዝም ይባላል፤ ሲነቀል ግን ምትክ የለውም።

ከዚህ የከፋው «ግግ» ነው። ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘው የጥቂት ወር ሕፃን ድዱ አብጦ ሲታይ፣ ገና ያልበቀለው ክራንቻ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፣ ለኢንፌክሽንና ለቴታነስ ይጋለጣል፣ ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ጽንስም ይበላሻል። ተቅማጡ ግን የመጣው ከጥርሱ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስና የጤና ባለሙያ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዶች መካከል ጠቅሶታል። እርስዎ ቢሮ ሲውሉ ልጅዎ ከአያት ወይም ከሞግዚት ጋር የሚውል ከሆነ ነገሩን አስቀድመው በግልጽ ይነጋገሩበት።

የድድ መድማት

ጥርስ ሲፍቁ የሚደማ ድድ «መፋቁን ተው» አላለንም። ቆሻሻ ተከማችቷል ማለቱ ነው። ካልተወገደ ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ድዱ ይሸሻል፤ ያልተቦረቦረ ጥርስ እንኳ ተነቃንቆ ይወድቃል። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠንቀቁ። የድድ በሽታ ስኳራቸውን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ ከፍ ያለ ስኳርም ድዱን ያባብሳል።

ምን እናድርግ?

• ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይቦርሹ። አረፋውን ይትፉት እንጂ በብዙ ውኃ አይጉመጥመጡ።

• የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ የአባቶቻችን ጥሩ ልማድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አካባቢ ይደግፈዋል። ፊት ፊቱን ብቻ ሳይሆን የመንጋጋውን ውስጠኛ ጎንም በቀስታ ይፋቁ። ፍሎራይድ ስለሌለው ግን ማታ ማታ ሳሙናውን አይተዉ።

• በከሰልና በአመድ አይፈግፍጉ፤ ጠርሙስም በጥርስ አይክፈቱ።

• ጣፋጭ ነገር ከምግብ ጋር ይሁን፤ በመሀል ውኃ ይጠጡ።

• ለልጅዎ የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣች ጀምሮ የሩዝ ፍሬ በምታህል ሳሙና ይቦርሹለት፤ ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሆነው ከአጠገቡ አይለዩ።

• ባያምዎትም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ ጤና ችግር ያለባቸውን ሰዎች ቁጥር 3.5 ቢሊዮን ገደማ አድርሶታል። አብዛኛው መከላከል የሚቻል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ቀዝቃዛ ውኃ የጠዘጠዘዎት ጥርስ ካለ በዚህ ሳምንት ያሳዩት።